የ4 ዓመት ልጅ ይዘን ድንኳን ውስጥ ማደር እንፈልጋለን፣ የደሴና የኮምቦልቻ ወላጆች እስቲ ምከሩን

የኬጂ እናት (ደሴ)

ሰላም ናችሁ ቤተሰብ፣ አሰላሙ አለይኩም። ልጃችን 4 ዓመቱ ነው፣ ዘንድሮ ኬጂ ገብቷል። የምንኖረው ፒያሳ አካባቢ ነው፣ ግቢውን ከሌሎች ተከራዮች ጋር ስለምንካፈለው ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመጣ የሚሮጥበት ቦታ የለውም፣ ያለው ቲቪና የአባቱ ስልክ ነው። አንድ ቀን ስልኩ ላይ ሰዎች ከነልጆቻቸው ድንኳን ተክለው ሲያድሩ አየና ከዛ ወዲህ በቃ ሌላ ወሬ የለም፣ ጠረጴዛ ላይ ጋቢ ጥሎ ስሩ ይገባና "እማዬ ነይ ግቢ መሽቷል" ይለኛል፣ ምሳውን ራሱ እዛ ካልሆነ አልበላም እያለ ነው። እኔም ባለቤቴም ሀሳቡን ወደነዋል፣ ሁለታችንም ሳምንቱን ሙሉ ስራ ላይ ስለሆንን ልጁን የምናየው ሲተኛ ነው ማለት ይቻላል።

አማቴ ግን ሲሰሙ ደነገጡ። ድንኳን የሚተከለው ለሰርግና ለለቅሶ ነው፣ በደህና ቀን ህፃን ይዞ ሜዳ ማደር ምን የሚሉት ነው፣ ልጁን ብርድ ይመታብኛል አሉ። እሳቸውን ማስቀየም አልፈልግም፣ ደሞ ያነሱት የብርድ ነገር እውነት ነው፣ የደሴን የጥቅምት ሌሊት ታውቁታላችሁ።

እና ጥያቄዬ፣ የት እንሂድ? ሐይቅ ከተማ፣ ሐይቁ ዳር አስበናል፣ ባለቤቴ ደሞ ጦሳ ተራራ ላይ ከተማውን እያየን ብናድር ይላል። ብርዱን እንዴት ነው የምትከላከሉት፣ ስሊፒንግ ባግ የለንም፣ ድንኳኑን ከጓደኛ እንዋሳለን። የጅብ ነገርስ? ልጁ ሌሊት ሽንት ቤት ሲል ምን ይደረጋል? በዚህ እድሜ ያሉ ልጆች ይዛችሁ የወጣችሁ ካላችሁ ከልብ ነው የምጠይቀው፣ እስቲ ፃፉልኝ።


የሁለት ልጆች አባት (ኮምቦልቻ)

እህቴ በጣም ደስ የሚል ሀሳብ ነው፣ አብሽሪ። እኔ ትልቁን ልጄን መውሰድ የጀመርኩት ልክ ባንቺ ልጅ እድሜ ነው እና የገባኝን ልንገርሽ። ለዚህ እድሜ ልጅ ቦታው ምንም ማለት አይደለም። እኛ አዋቂዎች ተራራ፣ እይታ፣ ፎቶ እንላለን፣ የ4 ዓመት ልጅ ግን ጉንዳን ካገኘ ሰዓቱን ሙሉ እዛው ነው፣ ውሃ በጣሳ እየቀዳ ጉድጓድ ውስጥ ሲጨምር ሊውል ይችላል። ስለዚህ ርቀሽ አትሂጂ። ከደሴ እስከ ሐይቅ ከተማ፣ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ፣ 30 ኪሎሜትር ገደማ ነው፣ ልጁ ቢያለቅስ ወይ ቢያመው በሚኒባስም ቢሆን ቶሎ ቤት ትገቢያለሽ። ይሄ "ቶሎ እንመለሳለን" የሚለው ነገር ለወላጅ የሚሰጠው እረፍት ቀላል አይደለም፣ አንቺ ካልተረጋጋሽ ልጁም አይረጋጋም።

ጦሳን ለማደሪያ አልመክርም። ደሴ ራሷ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት፣ ጦሳ ከዛ በላይ ነው። አየሩ በየ1,000 ሜትሩ በ6 ዲግሪ ገደማ እየቀዘቀዘ ነው የሚሄደው፣ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ ስለሆነች ሐረጎን ስትወርጂ ጃኬት የምታወልቂው ለዛ ነው። ደሞ ጦሳ ላይ ጉሙ በድንገት ነው የሚወርደው፣ አሁን ፀሀይ ነበር ስትይ ከፊትሽ ያለውን ሰው አታይም፣ ገደልም አለው፣ ትንሽ ልጅ እዛ ላይ በሌሊት ከድንኳን ቢወጣ ብለሽ አስቢው። ቀን ውጡና ከተማውን አይታችሁ ውረዱ፣ ያ በቂ ነው።

ከምንም በፊት ግን ቤት ውስጥ ሞክሩት። ግቢው ባይመች ሳሎን ውስጥ ተክሉት ድንኳኑን፣ ሶፋውን ገፋ አድርጋችሁ፣ መብራት አጥፍታችሁ በባትሪ ብርሃን እራት ብሉና እዛው እደሩ። ዚፑን መክፈትና መዝጋት ይለምዳል፣ ድንኳኑ ሲንኮሻኮሽ አይደነግጥም፣ ጫማ በር ላይ ማውለቅ ይለምዳል። ዳር ሄዳችሁ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ሁሉም ነገር አዲስ ይሆንበታል፣ ጨለማው አዲስ፣ ድምፁ አዲስ፣ አተኛኘቱ አዲስ፣ ይሄ ለትንሽ ልጅ ይበዛበታል።

ለብርዱ ስሊፒንግ ባግ የግድ አይደለም። ሰው የሚሳሳተው ከላይ ብርድልብስ ይደራርብና ከስር ምንም አያደርግም፣ ብርዱ ግን ከመሬት ነው የሚመጣው። መጀመሪያ ሸራ፣ ከዛ ሰሌን፣ ከዛ ስፖንጅ፣ ከዛ አጎዛ ካለሽ አጎዛ። ከላይ ባና፣ ወፍራሙ የሱፍ ብርድልብስ፣ ካላችሁ እሱን የሚያክል የለም፣ አማትሽ ጋር ሳይኖር አይቀርም፣ ጠይቂያቸው፣ እግረ መንገድሽን እሳቸውም የጉዞው አካል ይሆናሉ። ልጁን መሀል አስተኙት። ሲተኛ ቀን የለበሰውን ልብስ በሙሉ ቀይሪለት፣ ቀን ስላላበው ልብሱ እርጥበት ይዟል፣ ደረቅ ካልሲ፣ ደረቅ ቱታ፣ ኮፍያ። ስሊፒንግ ባግ ከፈለጋችሁም አዲስ አትግዙ፣ ሳልባጅ ተራ አንዳንዴ ይገኛል፣ ዚፑን ብቻ አይታችሁ ግዙ።


አንድ አስተያየት አለኝ

እኔ ትንሽ ለየት ያለ ሀሳብ አለኝ እና ቅር እንዳይልሽ። ማደሩ ለምን አስፈለገ? ልጁ የሚፈልገው ድንኳን ነው፣ ድንኳኑን ቀን ተክሎ ውስጡ በልቶ ተጫውቶ ማታ አልጋው ላይ ቢተኛ ምን ይጎድልበታል? እኔ ልጆቼን ቦሩ ሜዳ ነው ይዤ የምሄደው፣ ከደሴ ቅርብ ነው፣ ሜዳው ሰፊ ነው፣ ኳስ ይዘን፣ ድፎ ዳቦና ሻይ በፔርሙዝ ይዘን እንውላለን፣ ለትልቋ ልጄ አፄ ዮሐንስ በ1870 ዓ.ም. ጉባኤ ያደረጉበት ቦታ እኮ ነው እያልኩ እነግራታለሁ፣ ትንሹ በግ ሲያባርር ይውላል። ማታ ቤታችን ነን። ልጅ ከታመመ በኋላ የሚያዝን ወላጅ ነው፣ ሌላው ሰው ምክር ሰጥቶ ይተኛል። 6 ወይ 7 ዓመት ሲሞላው ብታሳድሩት ደሞ ያስታውሰዋል፣ አሁን ቢያድር ሲያድግ አያስታውሰውም።


የሁለት ልጆች አባት (ኮምቦልቻ)

ወንድሜ የቀኑ ሀሳብህ ጥሩ ነው፣ መጀመሪያ ቀን ውለው ቢመጡ እኔም እደግፋለሁ። አያስታውሰውም ያልከው ላይ ግን አልስማማም። የኔ ልጅ ቀኑን ላያስታውስ ይችላል፣ ግን ጨለማ አይፈራም፣ ሳማ ሲያይ ያውቀዋል አይነካም፣ መንገድ ላይ ቁልቋል ሲያይ ወተቱ ዓይን እንደሚጎዳ ለታናሹ ይነግረዋል። ይሄ የመጣው በዛ እድሜ ውጭ ስለዋለና ስላደረ ነው።


ነርስ ነኝ (ደሴ)

እህቴ ጥያቄሽን ሳየው ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም፣ ረዘም ቢል ይቅርታ። ሁሉንም ብትረሺ ይሄን አንዱን አትርሺ፣ ድንኳን ውስጥ ከሰል እንዳይገባ። ማንደጃም፣ ምድጃም፣ ቡታጋዝም። እኛ ደሴዎች በብርድ ጊዜ ማንደጃ ቤት አስገብተን መሞቅ ለምደናል፣ ድንኳን ደሞ ከቤት የባሰ ጠባብ ነው። የከሰል ጭስ አለቀ፣ ፍም ብቻ ነው የቀረው ተብሎ ነው የሚገባው፣ ችግሩ ያለው ግን እዛ ነው፣ ከፍሙ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ አይታይም፣ ሰው ተኝቶ እያለ ነው የሚወስደው። ህፃን ቶሎ ቶሎ ስለሚተነፍስ ከአዋቂ ቀድሞ ይጎዳል። ዚፑን ትንሽ ከፈት እናደርጋለን የሚል ሰው ካለ አትስሚው። እሳት ውጭ ይነዳል፣ ውጭ ይሞቃል፣ ከመተኛታችሁ በፊት ውሃ ተደርጎበት ይጠፋል፣ አለቀ። ለልጁ ሙቀት ከፈለግሽ የማያፈስ ጠንካራ ጠርሙስ ውስጥ ሙቅ ውሃ አድርገሽ፣ የፈላ ሳይሆን ሙቅ፣ ወፍራም ካልሲ ውስጥ ከተሽ እግሩ ስር አድርጊለት።

ሌላው ወባ። ደሴ ውስጥ ስለማናስበው እንዘነጋዋለን። በኛ ሀገር በአብዛኛው ከ2,000 ሜትር በታች ያለ ቦታ ለወባ የተጋለጠ ነው፣ ኮምቦልቻ እዛ ውስጥ ናት፣ ሐይቅም ከደሴ ዝቅ ያለ ነው፣ ውሃ ዳር ደሞ ትንኝ አይጠፋም። በዛ ላይ ከመስከረም እስከ ታህሳስ ያለው ክረምት ተከትሎ የሚመጣው የወባ ወቅት ነው፣ እናንተ መውጣት የምትፈልጉበት ጊዜ ማለት ነው። ስለዚህ አጎበር ይዛችሁ ሂዱ፣ ልጁን ከመምሸቱ በፊት ረጅም ሱሪና ረጅም እጅጌ አልብሱት። የሚቀባ የትንኝ መከላከያ ካገኛችሁ ዲት (DEET) የሚባለው ንጥረ ነገር ያለበት ከሆነ ለልጅ መጠኑ ከ30 ፐርሰንት እንዳይበልጥ፣ እጁ ላይ አትቀቡት ምክንያቱም አፉ ውስጥ ይከተዋል። ከተመለሳችሁ በኋላ ባሉት ሳምንታት ትኩሳት ካመጣው ጉንፋን ነው ብለሽ ሽሮፕ ሰጥተሽ አትጠብቂ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ወስደሽ አስመርምሪው፣ ሐይቅ ሄደን ነበር ብለሽ ለሚያክመው ሰው ንገሪ፣ ካልነገርሽው ደሴ ስለሆናችሁ ላይጠረጥር ይችላል።

ውሃ፣ የሚጠጣውን ከቤት ያዙ። ካለቀ አፍሉ፣ ደሴና ከዛ በላይ ባሉ ከፍታዎች ውሃ ከ100 ዲግሪ በታች ስለሚፈላ ከፈላ በኋላ ለ3 ደቂቃ እንዲንተከተክ ተዉት፣ ቆላ ከሆነ 1 ደቂቃ ይበቃል። ኦአርኤስ አንድ ሁለት ፓኬት ቦርሳ ውስጥ ይኑር። ቢልሀርዚያም፣ ከውሃ በቆዳ የሚገባ ትል የሚያመጣው በሽታ፣ አለ፣ በተለይ ኮምቦልቻ በኩል ያላችሁ ቦርከናና ገባር ወንዞቹ ላይ ልጆቻችሁን አታስዋኙ፣ ቀስ ብሎ የሚሄድ፣ ዳሩ ላይ ሳርና ቀንድ አውጣ ያለበት ውሃ ውስጥ እግር መንከር ራሱ ይበቃዋል ለመያዝ።

አንድ ልጨምርና ላብቃ፣ ውሻ። ሰው ስለ ጅብ ይጨነቃል፣ እኔ የማየው ግን የውሻ ንክሻ ነው። ልጁን የማያውቀውን ውሻ እንዳይነካ አስተምሩት፣ ቢነክሰው ወይ ቢቧጭረው ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ እጠቡና በዛው ቀን ጤና ተቋም ውሰዱት። ፌጦ ምናምን ቁስሉ ላይ አታድርጉ።


የኬጂ እናት (ደሴ)

ነርሷ እህቴ አላህ ይስጥሽ፣ እግዜር ይስጥሽ፣ የከሰሉን ነገር ለባለቤቴ አነበብኩለት፣ እሱ ትንሿን ማንደጃ እንይዛለን ብሎ እቃ ዝርዝር ውስጥ ፅፏት ነበር። አሁን ተሰርዛለች።

የድንኳኑን ነገር ሳሎን ውስጥ ልንሞክር ነው ዛሬ ማታ። የሽንቱን ጥያቄ ግን ማንም አልመለሰልኝም፣ ልጁ ሌሊት አንዴ ይነሳል። ሐይቅ አካባቢ ያላችሁ ደሞ፣ ጀልባ ላይ ልናወጣው እንችላለን ወይ? ጀልባ ጀልባ እያለ ነው።


የሐይቅ ልጅ

እንኳን ደህና መጣችሁ ነው የምለው አስቀድሜ። ሐይቃችን በተለይ ከመስቀል በኋላ ያለው ጊዜ ነው ምርጡ፣ ዙሪያው አረንጓዴ ነው፣ አደይ አበባው አለ፣ ዝናቡ ቆሟል። በበልግ ግን ከመጋቢት ጀምሮ ዝናብ ስላለ እዛ ሰሞን ድንኳን አያዋጣም።

ከከተማዋ ወደ ሐይቁ ባጃጅ አለ። ድንኳን ለመትከል ባዶ ዳርቻ ላይ ዝም ብላችሁ አትትከሉ፣ ግቢ ያለው ቦታ፣ ጥበቃ ያለው ቦታ ጠይቁ፣ ሽንት ቤትም ታገኛላችሁ። የኛ ሰው እንግዳ ይወዳል፣ ትንሽ ልጅ ይዛችሁ ሲያዩ ደሞ ቡና ጠጡ ሳይሏችሁ አያልፉም፣ ግን ማን መሬት ላይ እንዳላችሁ ማወቅና ማስፈቀድ ክብርም ነው ደህንነትም ነው። ከመነሳታችሁ በፊት መንገዱ ሰላም መሆኑን ደውላችሁ አጣሩ፣ ጠዋት ተነሱ፣ በቀን ድረሱ፣ የት እንደምታድሩ ለቤተሰብ ንገሩ።

ጀልባን በተመለከተ፣ ሐይቁን ሰው ከዳር ሲያየው ፀጥ ያለ ነው እና ይንቀዋል። ጥልቀቱ ከ80 ሜትር በላይ የሚደርስበት ቦታ አለው፣ ዳሩም ብዙ ቦታ ላይ ቀስ እያለ አይደለም የሚጠልቀው፣ ሁለት ሶስት እርምጃ ገባ ስትይ መሬት ታጫለሽ። ስለዚህ ለልጁ በልኩ የሆነ ላይፍ ጃኬት ከሌለ ጀልባ አታውጡት፣ የአዋቂ ላይፍ ጃኬት ለልጅ አይሆንም፣ ውሃ ውስጥ ሲገባ በአንገቱ ሾልኮ ይወጣል። ከሰዓት ነፋስ ስለሚነሳ መውጣት ካለባችሁ ጠዋት ይሁን። ዳር ላይ ሲጫወት ደሞ ሁሌ አንድ አዋቂ እጁ የሚደርስበት ርቀት ላይ ይሁን፣ ስልክ ሳይዝ። አንቺ እያየሽው ነው እሱም እያየው ነው ብላችሁ ሁለታችሁም እንዳትዘናጉ፣ አሁን ያንተ ተራ ነው፣ አሁን የኔ ነው ተባባሉ።

እስጢፋኖስ ገዳም መሄድ ካሰባችሁ ሴት አይገባም፣ የሴቶች ገዳም ለብቻው አለ። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ የመሰረቱት ነው፣ ታሪኩ ትልቅ ነው፣ ግን የ4 ዓመት ልጅ እናቱን ውጭ ትቶ ከአባቱ ጋር ይገባል ወይ እናንተ ታውቁታላችሁ። አሳ ግን ሳትበሉ እንዳትመለሱ፣ ለልጁ እሾሁን ራሳችሁ ልቀሙለት፣ ጉላሹ ይሻለዋል።


አያት ነኝ ከቃሉ

ልጆቼ ሰላም ናችሁ። ስልኩን የልጅ ልጄ ነው የያዘልኝ፣ እኔ እየነገርኩት እሱ ይፅፋል። አማትሽ የተናገሩት ልክ ነው ልጄ፣ ለልጅ ማሰብ የሳቸው ድርሻ ነው። ግን ንገሪልኝ፣ እኛ በልጅነታችን ሜዳ ነው ያደግነው። ማሽላው እሸት ሲይዝ ማማ ይሰራል፣ አራት እንጨት ተተክሎ ከላይ ርብራብ፣ በላዩ ሳር። ቀን ወፍና ጦጣ በወንጭፍ እንጠብቃለን፣ ሌሊት ደሞ ጃርትና ከርከሮ እንዳይገባ አባቴ እዛው ያድሩ ነበር፣ እኔንም ይዘውኝ ያድሩ ነበር፣ የወተት ጥርሴ እንኳ አልወለቀም። በሳቸውና በአጎቴ መሀል ነው የምተኛው፣ ከስር ገለባ ወፈር ተደርጎ፣ ከላይ የሳቸው ጋቢ። ከዋክብቱን አባቴ በስም እየጠሩ ያሳዩኝ ነበር፣ የትኛው ሲወጣ ሊነጋ እንደሆነ፣ የትኛው ሲታይ ክረምት እንደሚገባ። ዛሬ ድረስ አውቀዋለሁ።

ገለባ ያልኩሽን ያዢ። ድንኳኑ ከሚተከልበት ስር ገለባ ወይ ደረቅ ሳር ከገበሬ ገዝታችሁ አንጥፉ፣ ከዛ ሸራችሁን። ከስፖንጅ ይበልጣል። ግን እሳት ከዛ ራቅ ይበል፣ ገለባ ቀልድ አያውቅም። ድንኳኑን ጎድጓዳ ቦታ አትትከሉ፣ ብርዱም ውሃውም ወደዛ ነው የሚወርደው። ከፍ ያለ ቦታ፣ ጀርባውን ለነፋስ የሰጠ፣ ግን ትልቅ የደረቀ ቅርንጫፍ ያለው ዛፍ ስር አይሁን።

ጅብ ሰው ተሰብስቦ የሚያወራበት ቦታ ብዙ ጊዜ አይመጣም፣ የሚመጣው ለሽታ ነው። ስጋ፣ አጥንት፣ የአሳ ልቃሚ ድንኳን አጠገብ አታሳድሩ፣ የልጁን አፍና እጅ እጠቡለት፣ ምግቡ በክዳን ተዘግቶ መኪና ውስጥ ወይ የግቢው ባለቤት ቤት ይደር። ልጁን ግን በጅብ አታስፈራሩት። ካልተኛህ ጅብ ይመጣል የሚሉ ወላጆች አሉ፣ ቤት ውስጥ ያለ ልጅ ቢፈራ ግድግዳ አለው፣ ድንኳን ውስጥ ያለ ልጅ ግን ያን ሰምቶ እንዴት ይተኛል?


ኬጂ አስተማሪ (ኮምቦልቻ)

አያታችን የመጨረሻ ያሉትን ሳነብ ልቤ ነው የተነካው፣ እድሜ ይስጥልን።

የሽንቱን ጥያቄ እኔ ልመልስ። ፖፖ ይዘሽ ሂጂ እህቴ፣ 4 ዓመቱ ነው አድጓል አትበዪ። ከድንኳኑ በር ውስጥ በኩል አስቀምጪው፣ ስሩ ፌስታል አንጥፊ። ሌሊት ልጁን ከሙቀት አውጥቶ ጫማ አድርጎ በጨለማ መሄድ እሱንም እናንተንም እንቅልፍ ያሳጣል። ከመተኛቱ በፊት የምትሰጪውን ሻይና ውሃ ቀነስ አድርጊ፣ አንድ ሙሉ ቅያሪ ልብስ ደሞ እጅሽ የሚደርስበት ቦታ ይሁን፣ ፍራሹ ላይ ቢያመልጠውም አትቆጪው፣ አዲስ ቦታ ሲተኙ ቤት የማይሸኑ ልጆች ራሱ ይሸናሉ።

ሌላው የሰዓት ነገር ነው። ፀሀይ 12 ሰዓት ላይ ትጠልቃለች፣ ከዛ በኋላ ጨለማ ውስጥ እራት ማብሰል፣ ልብስ መቀየር፣ አልጋ ማንጠፍ ከትንሽ ልጅ ጋር ከባድ ነው። በ11 ሰዓት ራት ይብላ፣ ሳይጨልም ልብሱ ይቀየር፣ አልጋው ይነጠፍ፣ ከዛ ለጨለማው ባዶ እጃችሁን ሆናችሁ ተቀመጡ፣ ተረት ተረት በሉት። በዚህ እድሜ ልጅ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ10 እስከ 13 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል፣ ሜዳ ሲውል ደሞ ይደክመዋል፣ የቀን እንቅልፉን አትዝለሉበት። ብዙ ወላጅ ልጁ ደስ ብሎታል ይጫወት ይልና ማታ ላይ ለቅሶው አይቆምም፣ ከዛ ካምፒንግ አይወድም ይባላል፣ ልጁ ግን እንቅልፍ አጥቶ ነው።

ስራ ስጡት። እኔ ክፍል ውስጥ የማየው ልጅ ስራ ሲሰጠው ነው የሚረጋጋው። ጭራሮ ይልቀም፣ የድንኳኑን ካስማ ይያዝ፣ ባትሪዋን የሚይዘው እሱ ይሁን፣ የራሱ ትንሽ ቦርሳ ይኑረው፣ ውስጡ ዳቦ ቆሎ፣ የውሃ ሃይላንድና አንድ የሚወደው መጫወቻ። አንገቱ ላይ ፊሽካ በክር እሰሪለት፣ ለጨዋታ እንዳይነፋው፣ "እማዬን ካላየሁ አንድ ዛፍ አቅፌ እቆማለሁ፣ ፊሽካ እነፋለሁ" የሚለውን ቤት ውስጥ እየተደባበቃችሁ አለማምዱት። የጠፋ ልጅ ከባዱ ነገር መሄዱን አለማቆሙ ነው፣ አንድ ቦታ ከቆመ ቶሎ ይገኛል። ልብሱም ቀይ ወይ ብርቱካናማ ይሁን፣ አረንጓዴ አታልብሺው። ሲተኛ ደሞ የፊሽካውን ክር ከአንገቱ አውልቂለት።

ፀሀዩን ደሞ አትርሱ፣ ከፍታ በጨመረ ቁጥር ፀሀይ ታቃጥላለች፣ ቀዝቀዝ ስላለ አይታወቅም እንጂ። ሰፊ ኮፍያ።


የኬጂ እናት (ደሴ)

ምን ብዬ እንደማመሰግናችሁ አላውቅም፣ ሁላችሁንም። የቃሉ አባታችን የፃፉትን ለአማቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው፣ ማማ የሚለው ጋ ሲደርስ አስቆሙኝና እሳቸውም ወረኢሉ በኩል ልጅ ሆነው ከአያታቸው ጋር በጎች በረት አጠገብ ያድሩ እንደነበር ማውራት ጀመሩ፣ ባለቤቴ ራሱ ሰምቶት አያውቅም። ባናውን ከሳጥን አውጥተው ፀሀይ ላይ አስጥተውታል። እሄዳለሁ አላሉም፣ ግን በሶና ጭኮ አዘጋጃለሁ ብለዋል።

ሳሎን ውስጥ አደርን። ልጁ ሌሊት ተነስቶ ወደ አልጋዬ ውሰዱኝ ብሎ ነበር፣ ወሰድነው፣ ከዛ ትንሽ ቆይቶ ትራሱን ይዞ ተመልሶ መጣ። እና እቅዱ እንዲህ ሆኗል፣ መጀመሪያ ቦሩ ሜዳ ቀን ውለን እንመጣለን (አስተያየት የሰጠኸኝ ወንድሜ ቅር አላለኝም፣ እንዲያውም በጣም ጠቅሞኛል)፣ እሱ ከሄደልን በጥቅምት አንድ ቅዳሜ ሐይቅ፣ ጥበቃ ያለው ግቢ ውስጥ፣ አንድ ሌሊት ብቻ። ጀልባው ቀርቷል፣ በልኩ ላይፍ ጃኬት እስክናገኝ።

አንድ ነገር ብቻ፣ የምንዋሰው ድንኳን ወንፊት የለውም፣ ተራ ሸራ ነው። አጎበሩን ድንኳን ውስጥ እንዴት ነው የሚሰቀለው?


የሁለት ልጆች አባት (ኮምቦልቻ)

ቀላል ነው። የድንኳኑ ጣሪያ ላይ ከውስጥ በኩል ቀለበት ካለው በዛ፣ ከሌለው ከሁለቱ ቋሚ እንጨቶች ላይ ከዳር እስከ ዳር ሲባጎ ወጥሩና አጎበሩን እሱ ላይ አንጠልጥሉት፣ ወርዱን ደሞ አራቱን ጫፍ በሙሉ ከስፖንጁ ስር ጠቅጥቁት። ከመምሸቱ በፊት ስቀሉት፣ ከጨለመ በኋላ ከሰቀላችሁት ትንኙን ውስጥ ነው የምትዘጉበት። ልጁ ሲንቀሳቀስ እጁ አጎበሩ ላይ ከተለጠፈ በውጭ በኩል ስለምትነክሰው እሱን መሀል ማስተኛቱን አትርሱ። እና አዲስ ከሆነ፣ መድሀኒት የተነከረው ዓይነት ማለቴ ነው፣ ከፓኬቱ ካወጣችሁት በኋላ አንድ ቀን ጥላ ስር አናፍሱት፣ ፀሀይ ላይ አታስጡት።


ነርስ ነኝ (ደሴ)

ትክክል ነው። አጎበሩን ደሞ ከመሄዳችሁ በፊት ወደ ብርሃን አድርጋችሁ እዩት፣ ቀዳዳ ካለው በመርፌና ክር ይሰፋል።